ዋስና ዋስትና፤ ከሰንጋ ገበያ እስከ ያገለገለ የቅንጦት መኪና

ያገለገለ የቅንጦት መኪና ሊገዛ የተነሣ ሰው በዋጋው ከተስማማ በኋላ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ውል ይቀርብለታል። ይኸውም ሞተሩ፣ ካምቢዮው ወይም የኤሌክትሪክ ዕቃው ወደፊት ቢበላሽ የጥገናውን ወጪ ሌላ ወገን እንዲሸከምለት ዛሬ የተወሰነ ገንዘብ እንዲከፍል የሚጠይቀው የተራዘመ ዋስትና ነው። ልማዱ በአሜሪካና በአውሮፓ የተስፋፋ ሲሆን፣ በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን መኪና በገዙ ቁጥር የሚገጥማቸው ጉዳይ ነው። በአገራችን እንደዚያ ሰፍቶ ራሱን የቻለ ንግድ ባይሆንም፣ የመኪና ዋጋ እየናረ፣ የመኪናውም ዓይነት እየተለወጠ በመሄዱ ጥያቄው ወደ ደጃችን መጥቷል። ስለሆነም የሕግ ባለሙያ የሆነ ሁሉ ‹‹ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?›› ብሎ ለሚጠይቀው ደንበኛ የሚሰጠው መልስ ሊኖረው ይገባል።

ይህ ጽሑፍ መልሱን የሚፈልገው ከታሪክ ነው። ዋስትና የሚለው ሐሳብ ከመኪና በፊት የነበረ፣ ከእኛም ሕዝብ ኑሮ ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ነው። መነሻ አድርገን የምንይዘውም ሜክሲኮ አደባባይንና አካባቢውን ነው። በዚህ አንድ ሰፈር የከብት ገበያው ትዝታ፣ የመድን ድርጅቶች ፎቅ፣ የልደታ ፍርድ ቤትና አንድ ታላቅ ዓለም አቀፍ ዋስትና የፈረሰበት ታሪክ ጎን ለጎን ይገኛሉ።

የከብት ገበያና የሻጭ ዋስ

ከሜክሲኮ አደባባይ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የሚገኘው ሰንጋ ተራ፣ ስሙ ራሱ እንደሚያስረዳው፣ የሰንጋ ገበያ ትዝታ ነው። ዛሬ ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ረጃጅም ሕንፃ የሠሩበት ቢሆንም፣ ስሙ የሚያስታውሰን ግዢ ማለት በዓይን አይቶ፣ በእጅ ዳስሶ፣ ጥርስ ቆጥሮ፣ አስኪዶ መፈተን የነበረበትን ዘመን ነው። በቅሎ የሚገዛ ሰው ዕድሜዋን ከጥርሷ፣ ጤንነቷን ከአረማመዷ፣ ጠባይዋን ኮርቻ ጭኖ ይመረምር ነበር። በዚያ ገበያ የጉድለት ዋስትና የገዢው የራሱ ዓይን፣ ወይም ገዢው ይዞት የመጣው አዋቂ ሰው ነበር።

ይሁን እንጂ ዓይን የማይደርስበት አንድ ነገር ነበረ። ይህም ከብቱ የተሰረቀ አለመሆኑ ነው። የሌባ በሬ ጥርሱ ያማረ፣ አካሉ የጸና ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ነገ ባለቤቱ መጥቶ ‹‹በሬዬ ነው›› ቢል ገዢው ገንዘቡንም በሬውንም ያጣል። ስለዚህ ገዢ ከሻጭ ዋስ ይጠራ ነበር። ዋሱ በአገሩ የታወቀ፣ ርስትና ዘመድ ያለው፣ ቢፈለግ የሚገኝ ሰው መሆን ነበረበት። የማይታወቅ ሰው ዋስ ቢጠራ ዋስ እንዳልጠራ ይቆጠር ነበር። እንግዲህ በባህላችን የዋስትናው ክብደት የሚለካው ከቃሉ ማማር ይልቅ በዋሱ ማንነት ነበር ለማለት ይቻላል።

በጽሑፍ የሰፈረው ሕግም ከዚህ አልራቀም። በ13ኛው ምዕተ ዓመት ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ካዘጋጀው መጽሐፍ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ መሸጥና መግዛት የሚናገር አንቀጽ አለው። የዚህ ክፍል ሥር ወደ ሮማውያን ሕግ የሚደርስ ነው። በጥንቱ ሮም የገበያ ሹማምንት ባወጡት ደንብ መሠረት ባሪያ ወይም የጋማ ከብት የሚሸጥ ሰው የተደበቀውን ጉድለት ለገዢው የመግለጥ ግዴታ ነበረበት። ሳይገልጥ ቢቀር ገዢው በ6 ወር ጊዜ ውስጥ ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን መቀበል፣ ወይም በ1 ዓመት ጊዜ ውስጥ የዋጋ ቅናሽ መጠየቅ ይችል ነበር። ይህም ደንብ ኋላ በጁስቲንያን ዘመን ለማናቸውም ሽያጭ እንዲያገለግል ሆኗል።

ከዚህ ሁለት ዓይነት ዋስትና እንዳለ እንረዳለን። አንደኛው ‹‹የሌላ ሰው ንብረት አይደለም›› የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ‹‹የተደበቀ ጉድለት የለበትም›› የሚል ነው። የእኛ ገበያ በመጀመሪያው ላይ ጥብቅ፣ በሁለተኛው ላይ ግን ለገዢው ዓይን የሚተው ነበር። ይህ ልማድ ወደ መኪና ገበያችን ሳይለወጥ መግባቱን ወደፊት እናያለን።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች

መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። በእንግሊዛዊው በቤዴ ቤንትሌይ የመጣችው ሲደሌይና በጀርመናዊው በአርኖልድ ሆልትስ የመጣችው ናኬ በዚያን ጊዜ አካባቢ ተከታትለው ደረሱ። የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ በመካከሉ መኪና ቢሰበር መለዋወጫው ከአውሮፓ በመርከብ፣ ከዚያም በባቡርና በከብት ጀርባ የሚመጣ ነበር። ስለሆነም የነዚያ መኪኖች ዋስትና ያመጧቸው ሰዎች እጅና የአገሬው ቀጥቃጭ ብልኃት ብቻ ነበር።

ከጠላት ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት መኪና የቤተ መንግሥት ዕቃ ብቻ መሆኑ እየቀረ ሄደ። በዚህ ወቅት የወኪል ድርጅቶች ተቋቋሙ። ሰፈሪያን የቮልስዋገን ወኪል በመሆን የታወቀ ሲሆን፣ በ1959 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሞኤንኮ የቶዮታ አከፋፋይ ሆነ። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ አምቼ የጭነት መኪና ለመገጣጠም ተቋቋመ። የወኪል መኖር ለዋስትና ታሪክ ትልቅ ለውጥ ነው። ከወኪል የተገዛ አዲስ መኪና የፋብሪካ ዋስትና አለው፤ ዋስትናውን የሚፈጽም ጋራዥም በከተማው ውስጥ ይገኛል። የጥንቱ ዋስ ‹‹ቢፈለግ የሚገኝ›› መሆን እንደነበረበት ሁሉ፣ የፋብሪካ ዋስትናም ዋጋ የሚኖረው በር የሚንኳኳ ወኪል ሲኖር ነው።

የቅንጦት መኪና ግን ከዚህ ሥርዓት ዳር የቆመ ነው። ቁጥሩ ጥቂት፣ መለዋወጫው ውድ፣ የሚያውቀው መካኒክም የተወሰነ ነው። ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሠ ነገሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን መሆኑን ታሪክ መዝግቦታል። ያ ድርጊት የፖለቲካ ትርጉሙ ሌላ ሆኖ፣ የሁለቱን መኪኖች ዕጣ ለሚመለከት ሰው ሌላም ነገር ይነግረዋል። ቮልሷ በየሰፈሩ ጋራዥ እየታደሰች ለብዙ ዓመታት በከተማችን ስትመላለስ፣ የቤተ መንግሥቱ መኪኖች ለዕለት ሥራ የሚሆኑ አልነበሩም።

የሕጉ መልስ

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ሁለቱንም ዋስትናዎች በሽያጭ አንቀጾቹ ውስጥ አስፍሯል። በቁጥር 2282 ሻጩ ገዢው በሌላ ሰው መብት የተነሣ ንብረቱን እንዳያጣ ይጠብቀዋል። በቁጥር 2287 ደግሞ ሻጩ ዕቃው ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ኃላፊ ነው። ጉድለት ማለትም በቁጥር 2289 እንደ ተዘረዘረው ዕቃው ለተለመደው አገልግሎቱ፣ ወይም በውሉ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ የጎደለው እንደሆነ ነው።

በመሆኑም ያገለገለ መኪና የሚገዛ ኢትዮጵያዊ አንዳች ተጨማሪ ነገር ሳይከፍል ከሕጉ ያገኘው ዋስትና አለ። ሆኖም ይህ ዋስትና ግዴታም አለበት። ገዢው ዕቃውን ሳይዘገይ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ከማስታወቁም ጀምሮ በቁጥር 2298 መሠረት በ1 ዓመት ውስጥ መብቱን መጠየቅ አለበት። ሲገዛ ያወቀውን ጉድለት መልሶ ሊከስስበት አይችልም። ተዋዋዮቹም ዋስትናውን በስምምነት ማጥበብ ወይም ማስቀረት ይችላሉ፤ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል የደበቀ ከሆነ ግን ስምምነቱ አያድነውም።

እዚህ ላይ ነው የጥንቱ የሰንጋ ገበያ ልማድ የሚመለሰው። በውልና ማስረጃ የሚቀርቡ የመኪና ሽያጭ ውሎችን ያየ ባለሙያ እንደሚያውቀው፣ ‹‹በመኪናው ላይ መብት አለኝ የሚል ወገን ቢቀርብ ሻጭ ተከራክሬ እመልሳለሁ፤ ዕዳና እገዳ ቢገኝበት እኔ ኃላፊ ነኝ›› የሚለው ቃል አዘውትሮ ይገኛል። ስለ ሞተሩና ስለ ካምቢዮው ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ‹‹ገዢ መኪናውን አይቼና ወድጄ ባለበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ›› የሚል ነው። ሕጉ በ1953 ዓ.ም. ሁለተኛውን ዋስትና በእጃችን ቢሰጠንም፣ ብዙዎቻችን በአንድ ዐረፍተ ነገር መልሰን እንሰጠዋለን። ውድ በሆነ መኪና ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ የተራዘመ ዋስትና ለመግዛት ማሰብ በነፃ የተሰጠንን ጥለን በገንዘብ መልሰን እንደ መሸመት ነው።

ለነጋዴና ለሸማች ግንኙነት ደግሞ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ እንዲችል ደንግጓል። ይህ ግን ከነጋዴ ለገዛ ነው። መኪናውን በደላላ አገናኝነት ከአንድ ግለሰብ የገዛ ሰው ዞሮ የሚደገፈው በፍትሐ ብሔር ሕጉና በውሉ ቃል ነው።

መድን ከዋስትና እንደሚለይ

አንዳንድ ባለመኪናዎች ‹‹ሙሉ መድን ስላለኝ ሌላ ዋስትና አያሻኝም›› ሲሉ ይሰማሉ። ይህ የሁለት ነገሮች መደባለቅ ነው። የመኪና መድን የሚከፍለው ለድንገተኛ አደጋ፣ ለግጭት፣ ለመገልበጥ፣ ለስርቆትና ለእሳት ነው። በማርጀትና በመዋል ብዛት ለሚመጣ ብልሽት፣ ወይም ከውጭ አደጋ ሳይደርስበት ሞተሩ በራሱ ሲቆም፣ መድን ሰጪው በተለመደው ውል አይከፍልም። በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን የግዴታ መድንም የሚጠብቀው ሌላውን ሰው እንጂ የባለመኪናውን ካምቢዮ አይደለም።

የአገራችን የመድን ሥራ ታሪክ ይህን ልዩነት ለመረዳት ይረዳል። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. የግል ባንኮችና የመድን ኩባንያዎች በመንግሥት ተወረሱ። 13ቱ የመድን ድርጅቶች ተዋሕደው በ11 ሚሊዮን ብር ካፒታል የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ1968 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። የግል ኩባንያዎች ዳግመኛ የተፈቀዱት በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 86 ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 746ም የመድን ሥራ ለመሥራት የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አጽንቷል። ከዚህ የተነሣ አንድ ጥያቄ ይነሣል። መኪናውን ያልሠራና ያልሸጠ ሦስተኛ ወገን ገንዘብ ተቀብሎ ‹‹ቢበላሽ እኔ አሠራለታለሁ›› ብሎ ቢዋዋል፣ ይህ የጥገና ውል ነው ወይስ መድን? መድን ከሆነ የተቀመጠ ካፒታልና የመጠባበቂያ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ተቆጣጣሪም አለበት። ካልሆነ ግን ገዢው የሚተማመነው በአንድ ድርጅት ዕድሜ ላይ ብቻ ነው።

የፈረሰው ታላቅ ዋስትና

ከአደባባዩ ስም ጋር የተያያዘውን ታሪክ አሁን ማንሣት ተገቢ ይሆናል። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። የማኅበሩ ቃል ኪዳን 10ኛ አንቀጽ አባሎች ሁሉ የእያንዳንዱን አባል ግዛት ከውጭ ወረራ እንዲጠብቁ የሚያስገድድ ሲሆን፣ 16ኛው አንቀጽ ቃል ኪዳኑን አፍርሶ ጦርነት በሚከፍት መንግሥት ላይ የኢኮኖሚ ቅጣት እንዲጣል ያዝዛል። ይህ እንግዲህ በጽሑፍ የሰፈረ፣ በብዙ መንግሥታት ፊርማ የጸና ዋስትና ነበር።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ወሰናችንን ጥሳ በገባች ጊዜ ዋሶቹ ተጠሩ። ቅጣቱም ከኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ተጣለ። ነገር ግን የዕቃዎቹ ዝርዝር በተነበበ ጊዜ ነዳጅ ዘይት በውስጡ አልነበረም። የወራሪው ጦር የጭነት መኪኖች፣ ታንኮችና አውሮፕላኖች የሚንቀሳቀሱበት ዋናው ነገር ከዝርዝሩ ውጭ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቀርበው አቤቱታቸውን ካሰሙ ከጥቂት ቀናት በኋላ ማኅበሩ ቅጣቱ እንዲነሣ ወሰነ። ሜክሲኮ ግን ወረራውን በመቃወም ከጸኑት፣ የኢጣልያንም ግዛት አናውቅም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። በጄኔቭ የሜክሲኮ መልእክተኛ የነበሩት ኢሲድሮ ፋቤላም የኢትዮጵያን ጉዳይ በመደገፍ ይታወቃሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጎብኝተዋል። የአዲስ አበባው አደባባይ በሜክሲኮ ስም ሲጠራ፣ በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይ ተሰየመ። በ1980 እ.ኤ.አ. በዚያው ስፍራ የተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም ‹‹ኢትዮጵያ›› ይባላል።

የአገር ነፃነትና የመኪና ብልሽት በክብደት የሚነጻጸሩ አይደሉም። የዋስትና ጠባይ ግን በትልቁም በትንሹም ጉዳይ አንድ ነው። ዋስትና የሚመዘነው በሦስት ነገሮች ነው፤ ዋሱ ማን እንደሆነ፣ ከዝርዝሩ ውጭ የቀረው ምን እንደሆነ፣ ዋሱ እምቢ ቢል ደግሞ ማስገደጃው ምን እንደሆነ። የመንግሥታት ማኅበር ዋስትና በሦስቱም ወደቀ። የተራዘመ ዋስትና ውልም ሲነበብ የመጀመሪያው ገጽ የሚጠበቀውን በሰፊው ይናገራል፤ የኋለኛው ገጽ ግን በትንንሽ ፊደል የማይጠበቀውን ይዘረዝራል። የቅንጦት መኪና በብዛት የሚያስወጣው የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ፣ የአየር ግፊት ባሎስትራ ወይም የቱርቦው ብልሽት በዚያ ዝርዝር ውስጥ ከተገኘ፣ ውሉ ነዳጅ እንደ ጎደለው ቅጣት ነው።

የተራዘመ ዋስትና አመጣጥ

የመኪና ዋስትና የንግድ ዕቃ ሆኖ ያደገው በአሜሪካ ነው። እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ድረስ የተለመደው የፋብሪካ ዋስትና ለ90 ቀን ወይም ለ4,000 ማይል ያህል ብቻ ነበር። ከዚያም ወደ 12 ወርና 12,000 ማይል ከፍ አለ። ክራይስለር ለ1963 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ ለሞተርና ለኃይል ማስተላለፊያ ክፍሎች 5 ዓመት ወይም 50,000 ማይል በመስጠት ውድድሩን አጋጋለው። በ1998 እ.ኤ.አ. ሁንዳይ በአሜሪካ 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አወጀ። ከዚህ ላይ ያገለገለ መኪና ገዢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ያ ረጅም ዋስትና ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ ሲሆን፣ ለሁለተኛው ገዢ የሚተላለፈው ወደ 5 ዓመትና 60,000 ማይል ያጠረ ነበር። ዋስትናው ከመኪናው ጋር ይጓዛል ወይስ ከሰውየው ጋር ይቀራል የሚለው ጥያቄ ስለዚህ ከሁሉ በፊት መጠየቅ አለበት።

በ1970 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ አጭር ጥናት አሳተመ። አሜሪካኖች ጉድለት ያለበትን መኪና በዘይቤ ‹‹ሎሚ›› ይሉታል። ሻጩ የመኪናውን ጤንነት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው በመልካሙና በሎሚው መካከል ያለውን አማካይ ዋጋ ነው። በዚያ ዋጋ የመልካም መኪና ባለቤት መሸጥ አይወድም፤ ገበያውም ለሎሚዎች ይለቀቃል። አከርሎፍ ዋስትናን የዚህ በሽታ አንድ መድኃኒት አድርጎ አቅርቦታል፤ በመኪናው የሚተማመን ሻጭ ዋስትና ለመስጠት አይፈራምና። ለዚህ ሥራው በ2001 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ልብ ማለት የሚያሻው ግን ምልክት የሚሆነው ሻጩ ራሱ በነፃ የሚሰጠው ዋስትና መሆኑ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የዋስትና ሕግ ከዕቃው ጋር የሚሰጠውን ዋስትና በተጨማሪ ክፍያ ከሚሸጠው የአገልግሎት ውል የለየው ለዚህ ነው። ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ነጋዴዎች ባገለገለ መኪና መስተዋት ላይ መኪናው ‹‹ባለበት ሁኔታ›› የሚሸጥ ወይም ዋስትና ያለው መሆኑን የሚገልጥ ወረቀት እንዲለጥፉ ተደርጓል። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የተራዘመ ዋስትና ከገዙት ባለመኪናዎች 55 በመቶ የሚሆኑት አንድም ጊዜ ለጥገና አልተጠቀሙበትም። የተጠቀሙትም በአማካይ ከከፈሉት ያነሰ ነው ያዳኑት።

ሒሳቡ

ነገሩን በምሳሌ ለማየት እንሞክር። አሃዞቹ ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው። የተራዘመው ዋስትና ለሁለት ዓመት 130,000 ብር ይጠየቅበታል እንበል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካምቢዮው ቢበላሽ ጥገናው 400,000 ብር ይፈጃል፤ የመበላሸቱም ዕድል ከአምስት አንድ ነው እንበል። የሚጠበቀው ወጪ 80,000 ብር ይሆናል። ቀሪው 50,000 ብር ለዋሱ ትርፍ፣ ለሻጩ ኮሚሽንና ለገዢው የእንቅልፍ ሰላም የሚከፈል ነው። 400,000 ብር ድንገት ቢጠየቅ ቤቱ የማይናጋበት ሰው ይህን 50,000 ብር የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። ቤቱ የሚናጋበት ሰው ግን ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ዋስትናውን መግዛት ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚሻለው ራሱን መጠየቅ ነው፤ የመኪናው ዋጋ እንጂ የመኪናው ኑሮ አቅሙን የሚያልፍ ከሆነ፣ ችግሩ ከዋስትናው ሳይሆን ከመኪናው ምርጫ ላይ ነው።

ሕዝባችን ለዚህ ዓይነት ሥጋት የራሱ ዘዴ አለው። በየወሩ ለዋስትና ሊከፈል የሚችለውን ገንዘብ በዕቁብ ወይም በባንክ ያጠራቀመ ሰው፣ መኪናው ካልተበላሸ ገንዘቡ በእጁ ይቀራል። ጉድለቱ ግን ብልሽቱ ከዕቁቡ ዕጣ በፊት ቢመጣ ነው። ዋስትና ጠቃሚ የሚሆነው በትክክል በዚያ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

በከተማችን ደግሞ ሌላ ያልተጻፈ ዋስትና አለ። ተራ ቶዮታ የሚነዳ ሰው መለዋወጫውን በሶማሌ ተራ ያገኛል፤ የሚሠራለትም መካኒክ በየሰፈሩ አለ። ቪትዝና ኮሮላ ለብዙ ዓመታት ዋጋቸውን ጠብቀው የኖሩት ባመረታቸው ፋብሪካ ስም ብቻ ሳይሆን በዚህ ሰፊ የጥገና መረብ የተነሣ ነው። የቅንጦት መኪና ይህ መረብ የለውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ያገለገለ መኪና ርካሽ መሆኑ ቀርቷል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ባስታወቀ ጊዜ ደግሞ የዋስትናው ጥያቄ ከካምቢዮ ወደ ባትሪ ተሻገረ። ብዙ ፋብሪካዎች ለባትሪ 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። ሆኖም የፋብሪካ ዋስትና በአብዛኛው መኪናው በተሸጠበት አገርና በታወቀ ወኪል በኩል የሚፈጸም ነው። ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ መኪና በግል አስመጪ እጅ ሲገባ፣ ወረቀቱ ከመኪናው ጋር ቢመጣም ዋሱ ባሕር ማዶ ይቀራል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ለደንበኛ የሚሰጠው ምክር በቅደም ተከተል ይወጣል። በመጀመሪያ ገዢው ‹‹ባለበት ሁኔታ›› የሚለውን ቃል ከመፈረሙ በፊት መኪናውን ከሻጩ ጋር ግንኙነት በሌለው መካኒክ ያስመርምር። የመካኒክ ክፍያ ከማናቸውም ዋስትና የረከሰ ነው። ሁለተኛ፣ ሕጉ የሰጠውን የጉድለት ዋስትና በውሉ አያስቀር፤ ቢያስቀርም ለዚያ የሚገባውን የዋጋ ቅናሽ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ የተራዘመ ዋስትና ከቀረበለት ዋሱ ማን እንደሆነ፣ በአዲስ አበባ የሚጠይቀው በር የት እንደሆነ፣ ከዝርዝሩ ውጭ የቀሩት ዕቃዎች ምን ምን እንደሆኑ በጽሑፍ ያረጋግጥ። በነዚህ ሁሉ ጥሩ መልስ ካገኘና አንድ ትልቅ ብልሽት ኑሮውን የሚያናጋበት ከሆነ ዋስትናውን ይግዛ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ገንዘቡን በእጁ ይያዝ። ‹‹ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ›› እንደተባለው፣ ከፊርማ በኋላ የሚመጣ ቁጭት ካምቢዮ አያሠራም።

ለማኅበራችን አባላት ደግሞ አንድ ሥራ ይቀራል። በየቀኑ በእጃችን የሚያልፉት የመኪና ሽያጭ ውሎች ስለ ስርቆትና ስለ ዕዳ ጠንቃቃ፣ ስለ ጉድለት ግን ዝምተኛ ናቸው። ውሉ መኪናው በማን እንደ ተመረመረ፣ የተገኘው ጉድለት ምን እንደ ነበረ፣ ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ መግለጡን፣ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውም እውነተኛ ስለ መሆኑ ኃላፊነት መውሰዱን የሚጠቅስ ሁለት ወይም ሦስት ዐረፍተ ነገር ቢጨመርበት፣ በልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ከሚቆሙት ባለጉዳዮች ጥቂቶቹ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ማኅበሩ ይህን የሚያሟላ የሽያጭ ውል ናሙና አዘጋጅቶ ለአባላቱ ቢያድል ለሕዝቡ የሚሰጠው አገልግሎት ከፍ ያለ ይሆናል።